የቁርጥ ዋጋ አጭር ዕድሜ

አማርኛ ስለ ዋጋ ሲሆን ቃል አያጣም። «መጨረሻው ስንት ነው?» «አስተያየት አድርግልኝ እንጂ» «ኧረ አያዋጣኝም»። ከእነዚህ ሁሉ መሀል ግን ክርክሩን የሚዘጋው አንድ ቃል ነው፦ «ቁርጥ ነው»። የመርካቶ ሻጭ «ቁርጥ ዋጋ ነው፣ የኔ እህት» ካለ ወይ መክፈል ነው ወይ መሄድ። (ሁለት ሱቅ ዞራችሁ ስትመለሱ ቁርጡ ትንሽ ሊላላ ይችላል፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።)

ዛሬ ብዙዎቻችን ቁርጥ ዋጋን የዘመናዊ ሱቅ ምልክት አድርገን ነው የምናየው። ሱፐርማርኬት ገብተን ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሳንከራከር የምንከፍለው፣ ቁጥሩ ለሁሉም ሰው አንድ ነው ብለን ስለምናምን ነው። ይህ እምነት ከሰማይ አልወረደም። ሰዎች በተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ምክንያት የሠሩት ነገር ነው። አሁን ደግሞ ዓይናችን እያየ እየፈረሰ ነው። የት ተጀምሮ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምስጢሩ ወረቀቱ ላይ ነበር

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ ሱቅ መግባት ከእኛው ገበያ ብዙም አይለይም ነበር። ሸማቹ ይጠይቃል፣ ሻጩ ሸማቹን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፣ ከዚያ ቁጥር ይጠራል። ጥሩ ጫማ ካደረጋችሁ ዋጋው ይወጣል፤ ከቸኮላችሁ ይወጣል፤ የጨርቅ ዓይነት እንደማታውቁ ከተነቃባችሁማ አለቀ።

ነጋዴዎቹ ዕቃው ላይ የሚጽፉት ነገር ነበር፤ ግን ለሸማቹ አልነበረም። አሥር የተለያዩ ፊደላት ያሉት አንድ ቃል ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ፊደል 1፣ ሁለተኛው 2፣ እንዲህ እያለ አሥረኛው ዜሮ ይሆናል። ዕቃው የተገዛበት ዋጋ በእነዚያ ፊደላት ይጻፋል። ሻጩ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ እስከ ስንት መውረድ እንደሚችል ያነባል፤ ሸማቹ የሚያየው ትርጉም የሌለው ፊደል ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በእኛ ሙያ ይህ ቀላሉ የምስጢር ጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ሥራውን ግን ይሠራ ነበር። አንዱ ወገን ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። በቃ።

ይህን አሠራር ቀድመው ከተቃወሙት መካከል ክዌከሮች የሚባሉት የእንግሊዝ ክርስቲያኖች ይገኙበታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን» የሚለውን ትምህርት እስከ ሱቅ ድረስ ይዘውት ገቡ። በ5 ለመሸጥ የተዘጋጀ ሰው 8 ብሎ ከጀመረ ዋሽቷል ማለት ነው አሉ። ስለዚህ አንድ ዋጋ ይጠራሉ፣ ከዚያ አይነቃነቁም። ሰው መጀመሪያ ግራ ቢገባውም ቆይቶ ጥቅሙ ታየው፤ ክዌከር ሱቅ ሕፃን ልጅ ብትልኩ እንኳ የሚከፍለው ከእናንተ እኩል ነበር።

ለማይተዋወቁ ሰዎች የተሠራ ውል

ሃይማኖት መንገዱን ቢያሳይም፣ ነገሩን ያስፋፋው ትልቁ መደብር ነው። አሌክሳንደር ተርኒ ስቱዋርት የተባለ ከአየርላንድ የመጣ ነጋዴ በ1846 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ «የእብነ በረድ ቤተ መንግሥት» የተባለውን መደብር ከፈተ። አሠራሩ ለሁሉም አንድ ዋጋ የሚል ነበር። በፓሪስ አሪስቲድ ቡሲኮ ከ1852 ጀምሮ ቦን ማርሼን ሲያሳድግ ዋጋ መለጠፍንና ያልተስማማን ዕቃ መመለስን የመደብሩ መለያ አደረገ። በፊላደልፊያ ደግሞ ጆን ዋናሜከር በ1861 የልብስ ሱቅ ከፈተ፤ በ1876 ወደ አሮጌ የባቡር ዕቃ መጋዘን ገብቶ ከአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች አንዱን አቋቋመ። የዋጋ ወረቀትን ታዋቂ ያደረገው እሱ ነው ይባላል።

እነዚህ ሰዎች ለምን መከራከርን ተዉ? ደግነት ብቻ አልነበረም። በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው መደብር ለእያንዳንዱ ሻጭ «እንዳሻህ ተደራደር» ሊል አይችልም። መደራደር ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ ያለው ሻጭ ደግሞ ደመወዙ ውድ ነው፤ ክርክሩ ራሱም ጊዜ ይበላል። ዋጋው ወረቀት ላይ ከተጻፈ ትናንት የተቀጠረች ልጅም መሸጥ ትችላለች። ቁርጥ ዋጋ ርካሽ ጉልበትንና ብዛትን አብሮ አስቻለ።

ሸማቹስ ምን አገኘ? ሳያውቅ የመግዛት መብት። ስለ ጥጥ፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ነጋዴው ጠባይ ምንም የማያውቅ የገጠር ሰው ከባቡር ወርዶ የከተማው ሀብታም በሚከፍለው ዋጋ ካፖርት ይገዛል። ዓይን አፋሩም፣ ቋንቋ የማይችለውም፣ የደከመውም ሰው እኩል ይከፍላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች በሞሉበት ከተማ ውስጥ፣ የተለጠፈው ቁጥር «አንተን አይቼ አልቀየርኩትም» የሚል ውል ነበር።

ነገር ግን ያው ዋናሜከር ራሱ፣ ከገና በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ በ1878 ጥር ላይ አንሶላና ፎጣ የሚቀነስበትን «ነጭ ሽያጭ» ጀመረ። ቁርጥ ዋጋን ያስተማረን እጅ ቅናሽንም አስተማረን ማለት ነው። ውሉ ገና ሲወለድ ስንጥቅ ነበረበት።

የሁሉም ሰው አልጎሪዝም

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ ቦስተን ነው። በ1909 ኤድዋርድ ፋይሊን በመደብሩ ምድር ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ሞከረ። ዕቃው ለሽያጭ የወጣበት ቀን የዋጋ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። በ12 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሸጠ 25 በመቶ ይቀነሳል። 6 ቀን ከተጨመረ 50 በመቶ፤ ሌላ 6 ቀን፣ 75 በመቶ። ከዚያም በ6 ቀን ካልተሸጠ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል።

ይህ ምን እንደሆነ አያችሁ? ዋጋን በራሱ የሚቀይር አልጎሪዝም ነው፤ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በወረቀትና በቀን መቁጠሪያ የሚሠራ። ልዩነቱ፣ ሕጉን ሸማቹም ያውቀዋል። አንዲት ሴት ቀሚሱን አንስታ ቀኑን ታያለች፣ በጣቷ ትቆጥራለች፣ «ሐሙስ ድረስ ልጠብቅ ወይስ ሌላ ሰው ይወስድብኛል?» ብላ ትወስናለች። ተሸንፋ ብትመለስም የተሸነፈችው በሚታይ ጨዋታ ነው። ሰዎች ይህን ምድር ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደዱት እንጂ አልጠሉትም።

ስለዚህ «ሸማች ዋጋ ሲቀያየር ይበሳጫል» ስንል ቆም ብለን እንጠይቅ። የሚያናድደው መቀያየሩ ነው? ወይስ በማን ሕግ እንደሚቀየር አለማወቁ?

ቁጥሩ ከዕቃው ላይ ወረደ

የአንድ ኮካ ኮላ ዋጋ በ1886 5 ሳንቲም ነበር። በ1950ዎቹም ያው 5 ሳንቲም ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ የሽያጭ ማሽኖቹ ያቺን አንዲት ሳንቲም ብቻ መቀበላቸው ነው። ቀጣዩ ሳንቲም 10 ስለነበር ዋጋ መጨመር ማለት እጥፍ ማድረግ ሆነ። የኩባንያው አለቃ ሮበርት ውድረፍ በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን የ7 ሳንቲም ተኩል ገንዘብ እንዲታተም እስከመጠየቅ ደርሶ ነበር፤ አልተሳካለትም። ማሽኑ ዋጋውን አስሮት ነበር።

ቋጠሮው መፈታት የጀመረው ሰኔ 26 ቀን 1974 ነው። በኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ማርሽ ሱፐርማርኬት ውስጥ ባለ 67 ሳንቲም የሪግሊ ማስቲካ በባርኮድ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ዋጋ በየዕቃው ላይ መለጠፍ አላስፈለገም፤ ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። አንዳንዶች አደጋው ቶሎ ታይቷቸዋል። ሚሺጋን በ1976 እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋው እንዲለጠፍበት ሕግ አወጣች፤ ማሽኑ ከተለጠፈው አብልጦ ካስከፈለ ሸማቹ ከልዩነቱ በላይ ካሳ ያገኝ ነበር። ሕጉ በ2011 ተሻረ።

በሙያዬ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ዋጋ ዛሬ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ አንድ ሕዋስ ነው። የሺህ ዕቃ ዋጋ መቀየር የአንድ መስመር ትእዛዝ ሥራ ነው። አዲሱ ቁጥር ሲገባ የድሮው ከሸማቹ ዓይን ይጠፋል። መደብሩ የድሮውን ታሪክ ያስቀምጣል፤ እናንተ የምታዩት የዛሬውን ብቻ ነው። የፋይሊን ወረቀት ላይ የነበረው ቀን ጠፋ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ፈተናው ተከታትሎ መጣ። በ1999 የኮካ ኮላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዳግላስ አይቬስተር ሙቀት ሲጨምር ዋጋ የሚጨምር ማሽን ስለመሥራት ለአንድ የብራዚል መጽሔት ተናገረ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሐሳቡም ቀረ። በመስከረም 2000 ሸማቾች አማዞን አንዱን ዲቪዲ ለተለያየ ሰው በተለያየ ዋጋ እንደሚሸጥ ደረሱበት። ኩባንያው «በዘፈቀደ የተደረገ ሙከራ ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለ6,896 ደንበኞችም በአማካይ 3.10 ዶላር መለሰ።

ሐቀኛው ዋጋ ለምን ወደቀ?

እዚህ ላይ ታሪኩ ለእኛ ለሸማቾችም የማይመች ይሆናል። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ መደብር በ2011 ብቻ 590 የተለያዩ የቅናሽ ዘመቻዎች አካሂዶ ነበር። ከሚሸጠው ዕቃ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ነበር የሚሄደው። ከአፕል የመጣው አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ሮን ጆንሰን «ይህ ድራማ ይቁም» አለ። በየካቲት 2012 ኩፖኑን አነሳ፣ የውሸት ትልቁን ቁጥር ሰረዘ፣ በየቀኑ ያው የሆነ ዝቅተኛ ዋጋ ለጠፈ።

ሸማቹ ጥሎት ሄደ። በዚያው ዓመት ሽያጩ 25 በመቶ ወረደ፤ ኪሳራው 985 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ጆንሰንም በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ። ኩፖኑም ተመለሰ።

ብዙ ሰው ከዚህ «ሸማች መታለል ይወዳል» የሚል ትምህርት ይወስዳል። እኔ አልስማማም። 100 ተሰርዞ 50 የተጻፈበት ሸሚዝ፣ ሸሚዙ ጥሩ መሆኑንና እናንተም ጎበዝ መሆናችሁን ይነግራችኋል። 50 ብቻ ከተጻፈበት ምንም አይነግራችሁም። ስለ ጥጥ የማያውቅ ሰው በምን ይመዝነው? ለብዙ ዓመት የቅናሽ ቋንቋ ብቻ ያስተማረ ቤት አንድ ቀን ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ እውነት ነው የምናገረው» ቢል ማን ያምነዋል? ታማኝነት በማስታወቂያ አይመጣም፤ ክዌከሮቹም ያገኙት ቆይተው ነው።

ክርክሩ ተመልሷል፣ ጭቅጭቁ ግን ጠፍቷል

ሜሪላንድ ያለች እህቴ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጫማ ልትልክልኝ ፈልጋ ማታ አንድ የኦንላይን ሱቅ ላይ መረጥን። ጠዋት ልትከፍል ስትገባ ዋጋው ጨምሯል። «ማታውኑ ብገዛው ኖሮ! የኔ ጥፋት ነው» አለችኝ። ቃሏን ልብ በሉት። መርካቶ ላይ የተበላ ሰው ነጋዴውን ይረግማል፤ እዚህ ግን ሰው ራሱን ይወቅሳል፤ የሚረገም ፊት የለማ።

ዋጋ የወጣ ሁሉ ተንኮል ነው ማለቴ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ነጋዴው የሸጠውን ዕቃ ነገ በስንት እንደሚተካ እርግጠኛ መሆን የማይችልበትን ጊዜ እኛም አይተናል። ያ ከወጪ ጋር የሚሄድ ዋጋ ነው። ሌላው ግን እናንተ እስከ ስንት እንደምትችሉ ለመፈተን የሚንቀሳቀስ ዋጋ ነው። ይህኛው በትክክል የድሮው ክርክር ነው፤ የሚከራከረው ግን አንድ ወገን ብቻ ነው። ገበያ ላይ ትልቁ መሣሪያችሁ ጥሎ መሄድ ነበር። ዛሬ ጥላችሁ ስትሄዱ ያ ራሱ ይመዘገባል፤ ከሁለት ቀን በኋላ «ቅርጫትዎ ውስጥ የረሱት ዕቃ አለ» የሚል ኢሜይል ከኩፖን ጋር ሊደርሳችሁ ይችላል። ምስጢራዊ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ተመልሷል፤ አሁን ሰርቨር ላይ ነው ያለው።

መፍትሔው ዋጋን ማሰር አይመስለኝም። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 28 ቀን 2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያውጅ ነጋዴ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ ያዛል። ጀርመን ውስጥ አልዲ ዙድ ሙዝ በ1.29 ዩሮ «23 በመቶ ቅናሽ» ብሎ አስተዋወቀ፤ የተነጻጸረው ከ1.69 ጋር ነበር። በትናንሽ ፊደል ግን የ30 ቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ ተጽፏል፦ 1.29። ቅናሹ ዜሮ ነበር ማለት ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በመስከረም 2024 የቅናሹ መቶኛ ከ30 ቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ መሰላት አለበት ብሎ ወሰነ።

እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ይህን ማድረግ ከባድ አይደለም። ታሪኩ ሠንጠረዡ ውስጥ አለ፤ የጎደለው አንድ ተጨማሪ መስመር ማሳየት ብቻ ነው። ፋይሊን በ1909 በእርሳስ ይጽፈው የነበረውን ያህል መረጃ፣ ይህ ዋጋ መቼ ጀመረ፣ ከዚያ በፊት ስንት ነበር፣ በምን ሕግ ይቀየራል። እሱን አሳዩን፤ መጠበቅና አለመጠበቁን እኛ እንወስናለን።