ጠባቂውን ቤቱ ያደረገ ጀርም



እ.ኤ.አ. በ1882 ሩሲያዊው ኤሊ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት፣ በሜሲና ከተማ፣ የባሕር ኮከብ እጭን በጽጌረዳ እሾህ ወጋ። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። «ፋጎሳይት» ተባሉ፤ በላተኛ ሴል ማለት ነው። በሰውነታችን እየዞሩ ጀርም ውጠው ይፈጫሉ። በ1908 ሜችኒኮፍ ከፓውል ኤርሊክ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ከሲሲሊ በስተደቡብ ባለችው ማልታ የእንግሊዝ ወታደሮች በማይለቅ ትኩሳት ይሰቃዩ ነበር። በ1887 ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ ጀርሙን ከሟቾች ጣፊያ አገኘ፤ ዛሬ ብሩሴላ ይባላል። በ1905 የማልታው ተወላጅ ቴሚስቶክለስ ዛሚት ምንጩ ፍየል መሆኑን ደረሰበት። በ1906 ወታደሮቹ የፍየል ወተት ሲከለከሉ በሽታው በፍጥነት ቀነሰ።

ብሩሴላን ከባድ የሚያደርገው በላተኛው ሴል ሲውጠው አለመሞቱ ነው። ከመፍጫው አምልጦ እዚያው ይራባል፤ ጠባቂው ራሱ ተሸክሞ ወደ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ያደርሰዋል። ትኩሳቱ የሚመላለሰው፣ ሕክምናውም ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ቢያንስ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ የግመል ወተት ጥሬውን ይጠጣል፤ ግመልም ፍየልም ብሩሴላ ይይዛቸዋል። «ሲፈላ መድኃኒትነቱ ይጠፋል» የሚሉ ታላላቆች አሉ። አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ፣ እሳት የሚገድለው ጀርሙን ነው፤ ወተቱ ምግብነቱን አያጣም። አፍልታችሁ ጠጡ። ትኩሳትና የወገብ ቁርጥማት ከተመላለሰባችሁ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጥሬ ወተት እንደምትጠጡ ለሐኪሙ ንገሩ።

አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ። ለቤተሰብ አካፍሉ።