በዴም ሰፈር ሥራቸውን ስለ ለወጡ መምህራን

በካርቱም ከተማ በስተደቡብ ዴም የሚባል ሰፈር አለ። የእንግሊዝ ሹማምንት አሮጌዎቹን ዴሞች አፍርሰው ነዋሪውን በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ አዲስ ቦታ ካዛወሩት ወዲህ የሠራተኛ መኖሪያ ሆኖ ቆየ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በመተማና በሑመራ በኩል ድንበር ተሻግረው ካርቱም ከገቡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ያረፉት በዚሁ ሰፈር ነው። ከእነርሱም መካከል መምህራን ነበሩ።

መምህሩ ግን ዕውቀቱን ይዞ ወደ ክፍል ሊገባ አልተቻለውም። የሱዳን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1957 ዓ.ም. ገደማ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ መዛወር ጀምረው ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. የወጣውም የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ሥራ እንዳይዝ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ትናንት ጂኦግራፊ ያስተማረው ሰው ወጥ ቤት ገባ፣ ሾፌር ሆነ፣ ሳሕን አመላለሰ፣ ወይም ቡና አፍልታ በምትሸጥ ሚስቱ ገቢ ኖረ። (ጀበና የሚለውን ቃል ሱዳናውያንም ይጠቀሙበታል።) ይህን መናገር የሚያሳፍራቸው አሉ፤ ለእኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ የአገልግሎት ዘመን በሚቈጠርበት መዝገብ የዴም ዓመታት ባዶ መስመር ሆነው ይቀራሉ።

ከፊሎቹ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ተሻግረው ሥራቸውን ዳግመኛ ለወጡ። ከፊሎቹም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በከተማው ከቀሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የያዙትን ሥራ ጥለው በመተማ በኩል ተመለሱ።