የጣና ታንኳ

የጣና ታንኳ በጣና ሐይቅ ላይ ለዓሣ ማስገሪያና ለሰውና ለዕቃ ማመላለሻ የሚያገለግል፣ ከደንገል የሚሠራ ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። ታንኳ በአማርኛ የማናቸውም ትንሽ ጀልባ ስም ነው፤ ጣና ዳር ግን ቃሉ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የደንገሉ ነው።

ደንገል (ፓፒረስ) ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳርቻ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት እጥፍ ሊደርስ የሚችል ተክል ነው። ሠሪው አገዳውን ቆርጦ ካደረቀ በኋላ እስር እስሩን በገመድ አጥብቆ ያጣምራል፤ የፊቱንም ጫፍ ወደ ላይ ይቆለምማል። ምስማር አይገባበትም። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ ወደ ውስጡ እንዳይገባ ስለሚከለክል ነው፤ ታንኳን የሚያንሳፍፈው ግን በአገዳው ለስላሳ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ውሃ ቢያልፍበትም ወዲያው አይሰምጥም፣ ተሳፋሪውን ግን ያረጥባል። ደንገሉ ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜው በዓመታት ሳይሆን በወራት ይቆጠራል።

ቀዛፊው ከፍ ብሎ በተደረበ እስር ላይ ተቀምጦ ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይቀዝፋል። ታንኳው ውሃው ውስጥ ብዙ ስለማይጠልቅ ሞተር ጀልባ በማይደርስበት የደንገል ጥሻ መካከል ያልፋል፤ በዚህ ረገድ በሌላ አገር የማንግሮቭ ደን ከሚጎበኝበት ካያክ ጋር ይመሳሰላል። ሐይቁ ጸጥ የሚለው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ።

በታንኳ ሥራ በይበልጥ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የማገዶ እንጨት በታንኳ ሲጓጓዝ ኖሯል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ የሞከረባት «ራ» የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር፤ የሠሯት ግን የቻድ ሐይቅ ሰዎች ናቸው።

ታንኳን የሚያሰጋው ከዘመናዊ ጀልባ ይልቅ የደንገሉ መመናመን ነው። ዳርቻው ለእርሻ ተመንጥሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብም የሐይቁን የውሃ ከፍታ ተፈጥሯዊ ሥርዓት ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ ደግሞ ሰሜናዊውንና ምሥራቃዊውን ዳርቻ ወርሯል። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ክልልነት መዝግቧል።