የባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል መቆራረጥ

የባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል መቆራረጥ ማለት በሲሊንደሩ ውስጥ የገባው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በየዙሩ ሳይቀጣጠል ሲቀር የሚፈጠር ብልሽት ነው። በጋራዥ ቋንቋ «ሚስ ያደርጋል» ይባላል። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ባሉ ነጠላ ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ክፍተቱን የሚሸፍን ሌላ ሲሊንደር ስለሌለ ነጂው ወዲያው ይሰማዋል። ከተለያዩ ሞተሮች ዕቃ ተለቃቅሞ በተገጣጠመ ሞተር ሳይክል ላይ ምርመራው ይከብዳል፤ የጅግለሩን ቁጥርም ሆነ የእሳቱን ሰዓት የሚናገር የፋብሪካ መመሪያ የለውም።

አሠራሩ

ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ የክራንክ ሻፍት ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በ1880ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ስልት ድብልቁ መጀመሪያ ከፒስተኑ በታች ወዳለው ክራንክ ኬዝ ይገባል፤ ፒስተኑ ሲወርድ ተገፍቶ ወደ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ክራንክ ኬዙ አየር ማስገባት የለበትም። በባለ አራት ምት ሞተር የታችኛው ጓርኒሲዮን ቢላላ ዘይት ይንጠባጠባል፤ በባለ ሁለት ምት ግን ድብልቁ ራሱ ይበላሻል።

የከፍታ ተጽእኖ

የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ራቤል የምትገኘው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ በአጎራባቹ መንዝ ያለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ይላል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ጥግግት ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ በየሁለት ዙሩ አንዴ ብቻ እያቃጠለ ይንተባተባል። ጋዝ ሳይሰጥ ወይም በጥቂቱ ብቻ ተሰጥቶ ሲሆን ይህ ድምፅ በጤነኛ ሞተርም ይሰማል፤ ጋዝ ተሰጥቶ ዳገት ላይ ከቀጠለ ግን ብልሽት ነው።

መፍትሔው የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግና አነስ ያለ ጅግለር መግጠም ነው። ችግሩ የሚመጣው ለደጋ የተስተካከለው ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ፒስተኑ ከልክ በላይ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ሊነክስ፣ የኋላ ጎማውም ድንገት ሊቆለፍ ይችላል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባ በመሆኑም ረጅም ቁልቁለት ጋዝ ዘግቶ መውረድ ሞተሩን ያለ ቅባት ያስቀራል። በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዞ ጥቂት ጋዝ መስጠት ያስፈልጋል።

ምርመራው

ካንዴላው ሁልጊዜ መጀመሪያ ይፈታል፤ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቷል ወይ እሳቱ ደክሟል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል ወይም አየር ይገባል፤ ይህ እስኪታወቅ ድረስ ሞተሩን ማሽከርከር አይገባም። በብዙ ሞተሮች የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። እሳቱን ለማየት ካንዴላው ከቴስታታው ብረት ጋር ተነካክቶ ሞተሩ ይረገጣል፤ ቤንዚን ግን መራቅ አለበት።

ቀጥሎ ነዳጁ ይታያል። በገጠር ቤንዚን ብዙ ጊዜ በጀሪካንና በሃይላንድ ስለሚሸጥ ውሃና ቆሻሻ ይቀላቀልበታል፤ ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ በካርቡሬተሩ ሳህን ግርጌ ይጠራቀማል። የዘይቱ መጠንም ይጣራል። 1 ለ 50 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ 25 ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይት ማብዛት ድብልቁን ያወፍራል የሚለው የተለመደ አባባል ስህተት ነው፤ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ወደ ሲሊንደር የሚደርሰው ቤንዚን በተቃራኒው ይቀንሳል።

ሞተሩ ሲነሳ ደህና ሆኖ ከጋለ በኋላ የሚቆራርጥ፣ ሲበርድ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቦቢናው ወይም ከቮላኖው ሥር ወዳለው ጥቅል ይዞራል። የሽቦው ሬዚስታንስ በቴስተር በብርዱም በግለቱም ይለካል። በቀዝቃዛነቱ ብቻ ለክቶ ደህና ነው ማለት የብዙ መካኒኮችን ቀን የሚያባክን ልማድ ነው። የቆዩ ሞተሮች ላይ ፑንቲናው ይጸዳል፣ ኮንደንሰሩም ይለወጣል።

ጋዝ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ ቶሎ ካልረገበ አየር ይስባል። ያኔ የካርቡሬተሩና የማርሚታው ቀዳዳዎች ተደፍነው 0.4 ባር ያህል አየር ይነፋበታል፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀባ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። በተገጣጠመ ሞተር ላይ በተለይ የሚጠረጠሩት ከሌላ ሞዴል የመጣ ኦይል ሲልና በእጅ የተቆረጠ ጓርኒሲዮን ናቸው። የሌላ ሞተር ቮላኖ ከተገጠመበትም የእሳቱ ሰዓት እንደ አዲስ ይስተካከላል፤ በቮላኖው ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ለዚህኛው ክራንክ ሻፍት ላይሠራ ስለሚችል የፒስተኑ ከፍተኛ ነጥብ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል በቀጥታ ይለካል።