ከፈላና በር እስከ ፈረስ መጋላ፡ የትንፋሽ ታሪክ

ከእኛ አንዱ ያደገው ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ነው፡፡ አስም አለበት፡፡ የሰፈር ልጆች በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሲሯሯጡ እሱ ልብስ ጠባቂ ነበር፡፡ ትምህርት ቤትም ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነፃ ተደርጎ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፡፡ እናቱ ደግሞ ጠዋት ማታ ‹‹አትሩጥ፣ ይነሳብሃል!›› ይሉታል፡፡

በእሳቸው አንፈርድም፤ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ለሳንባ ሕመምተኛ የሚያዙት እረፍትን ነበር፡፡ በአውሮፓ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ንጹሕ አየር እየሳበ ይተኛል፡፡ የእኛም ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የነቀርሳ ማገገሚያ ሆኖ የተሠራው እንጦጦ ላይ ነው፡፡

ይህን ልማድ ከገለበጡት አንዱ እንግሊዛዊው ማርከስ ፓተርሰን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ፍሪምሌይ በተባለ ማገገሚያ የነቀርሳ ሕሙማኑን መጀመሪያ በእግር አስኬዳቸው፣ ቀጥሎ ቅርጫት አሸከማቸው፣ በመጨረሻም አካፋ አስያዛቸው፡፡ በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ቶማስ ፔቲ ዴንቨር ውስጥ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን እንቅስቃሴን፣ የአተነፋፈስ ልምምድንና ትምህርትን ባጣመረ ፕሮግራም ማከም ጀመረ፡፡ ዛሬ ‹‹የሳንባ ተሃድሶ›› የሚባለው ይህ ነው፡፡ (ተሃድሶ ሲባል ግምገማ ትዝ የሚላችሁ፣ ተረጋጉ፡፡)

የአስም ሕክምና ታሪክ የራሱ ጉድ አለው፡፡ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ለአስም የሚያጨሱት ‹‹መድኃኒት›› ነበራቸው፡፡ ቅጠሉ እኛ አስተናግር የምንለው፣ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው መርዛም አረም ነው፡፡ ማንም እንዳይሞክረው! ለታፈነ ሰው ጭስ ማዘዝ ግን ከእጣንና ከከሰል ጋር ለሚኖር ሐረሬ እንኳ የሚዋጥ አይደለም፡፡

በአገራችን አስም የከተማ ልጅ ይመስላል፡፡ ጅማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በእጅጉ እንደሚበዛ አሳይቷል፡፡ ሐኪሙ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው፤ በጥቁር አንበሳ የሳንባ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረው ገና በ2005 ዓ.ም. ነው፡፡

‹‹አትሩጥ›› ለሚል ሰው መልሳችን ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው፡፡ አስም አለበት፤ በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግን የተበከለ አየር ፈርቶ የኦሎምፒኩን ማራቶን ተወው፡፡ 10 ሺህ ሜትሩን ግን ሮጦ 6ኛ ወጣ፡፡ ብዙ ሳይቆይ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፡፡ የፈራው አየሩን እንጂ ሩጫውን አልነበረም፡፡

ምስጢሩ ምንድን ነው? ልምምዱ አስምን አያጠፋም፡፡ የእግርና የልብ ጡንቻ ሲጠነክር ግን ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ትንፋሽ ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙ በመድኃኒት ይረጋጋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ማሟሟቅ፣ መራመድ፣ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር ነው፡፡ የሚነፋው መድኃኒት ከኪስ አይለይም፡፡ ሐኪሙ ሳይፈቅድ የሚጀመር ነገርም አይደለም፡፡

ልብስ ጠባቂያችን ሐኪሙን አማክሮ ጀምሯል፡፡ ማለዳ፣ የእጣኑና የከሰሉ ጭስ ሳይነሳ፣ ከፈላና በር ተነስቶ እስከ ፈረስ መጋላ ይሄዳል፡፡ መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ አራት ጊዜ ይቆም ነበር፡፡ ባለፈው አብረነው ስንሄድ የቆመው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ሳምቡሳ ሊገዛ፡፡