ዘፋኙ ካውቦይና ፈራጆቹ

ካውቦይ ጊታር ሲያነሣ ተመልካች ይሥቃል። ወንበዴዎቹ ከብቱን ነድተው ሊያመልጡ ነው፤ ጀግናው ግን ከፈረሱ ወርዶ፣ ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ዜማውን ያወርደዋል። «ኧረ በሕግ! ሰዎቹ አመለጡ እኮ!» ይላል አጠገባችን የተቀመጠው። ፊልሙ ሲያልቅ ፍርዱ የታወቀ ነው፦ ታሪኩ ካምናው ጋር አንድ፣ ትወናው ደረቅ፣ ልብሱ የሠርግ፣ ጥይቱ ሰው የማይነካ። ይህን ሁሉ አንክድም። ነገር ግን ፈራጁ በማን ቁና እየሰፈረ ነው?

እስቲ ከገንዘቡ እንነሣ (ዘመኑን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከ1929 በኋላ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ሲኒማ ቤቶችም ወንበራቸው ባዶ ቀረ። ባለሲኒማዎቹ ሰዉን ለመመለስ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ጀመሩ። ዋናው ፊልም ከበሩ ገቢ በመቶኛ ይከፈልበታል፤ ሁለተኛው፣ ማለት አጃቢው፣ በቁርጥ ኪራይ ይመጣል። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ኪራዩ ቁርጥ ከሆነ አዳራሹ ጢም አለም አላለም አምራቹ የሚያገኘው ያው ነው። እንግዲህ ትርፍ የሚገኘው ፊልሙን በማሳመር ሳይሆን ወጪውን በመቁረጥ ነው። ቀረጻው አንድ ሳምንት ገደማ፣ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቦታው ከሎስ አንጀለስ የማይርቀው ያው የአይቨርሰን ድንጋያማ መሬት፤ መንጋ ሲደነብር ማሳየት ካስፈለገ ደግሞ ካሮጌ ፊልም የተቆረጠ ቅንጣቢ ይቀጠላል። ኸርበርት ዬትስ በ1935 ትንንሽ ኩባንያዎችን ጠቅልሎ ያቋቋመው ሪፐብሊክ በዚህ ሙያ የተካነ ነበር። ተዋናዩ ቢደነቃቀፍ ማን ይደግምለታል? መድገም ገንዘብ ነው።

ዘፈኑስ? በዚያ በጀት ውስጥ ከሁሉ የረከሰው ጌጥ ዘፈን ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ ሦስት ደቂቃ፤ በቃ። ዘፋኙም ስሙን ከሬዲዮና ከሸክላ ይዞ ይመጣል። ጂን ኦትሪ የመጀመሪያው አይደለም፤ ኬን ሜናርድ ፊልም ገና ድምፅ ማውጣት ሲጀምር በ1930 ገደማ ሞክሮታል። ጆን ዌይን ሳይቀር በ1933 «ሲንጊን ሳንዲ» ተብሎ በሌላ ሰው ድምፅ አፉን አንቀሳቅሷል። (ኋላ ያ ግዙፍ ሰውዬ ይህን ማስታወስ ባይወድ አንፈርድበትም።) ኦትሪ ግን ከቴክሳስ የተወለደ፣ በኦክላሆማ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሲመታ የነበረ፣ ኋላም በቺካጎ ሬዲዮ የታወቀ ዘፋኝ ነው። በ1935 በወጣው ባለ 12 ክፍል ተከታታይ ፊልሙ፣ «ዘ ፋንተም ኤምፓየር» ውስጥ፣ ከምድር በታች ሙራኒያ የሚባል መንግሥት አለ፤ ንግሥት አለ፣ ሮቦት አለ፣ ጨረር አለ። ይህ ሁሉ መዓት እያለ ኦትሪ በየቀኑ በስምንት ሰዓት ወደ ላይ ወጥቶ የሬዲዮ ዝግጅቱን ካላቀረበ ውሉ ይፈርስበታል!

እብደት ነው እንበል። ነገር ግን ያን ፊልም ማን እንዳየው እናስብ። እርሻው በዕዳ የተያዘበት፣ ሥራ አጥቶ ከከተማ ከተማ የሚንከራተት ሰው ነው። ለዚህ ተመልካች ከጭራቅ ይልቅ የሥራ ውል መፍረስ ቢያስፈራው ምኑ ነው የሚያሥቀው?

እነዚህ ፊልሞች በትልልቅ ከተሞች ዋና ዋና ሲኒማ ቤቶች እምብዛም አልታዩም፤ ቤታቸው ትንንሹ ከተማና ገጠሩ ነበር። የዚያ ተመልካች ፍርድም ተጽፎ ቀርቷል። «ሞሽን ፒክቸር ኸራልድ» የተባለው የሙያ መጽሔት ከ1936 ጀምሮ ባለሲኒማዎችን እየጠየቀ የካውቦይ ተዋንያንን በገቢ ደረጃ ያወጣ ነበር። ከ1937 እስከ 1942 አንደኛው ኦትሪ፣ ከ1943 እስከ 1954 ደግሞ ሮይ ሮጀርስ ነው። በ1940 ኦትሪ ከጠቅላላው የሆሊውድ ተዋንያን አራተኛ ሆነ፤ ከፊቱ የነበሩት ሚኪ ሩኒ፣ ስፔንሰር ትሬሲና ክላርክ ጌብል ብቻ ናቸው። ገቢ የጥበብ ሚዛን አይደለም ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን «ማንም አይወደውም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይቆማል።

የምንከራከርለት ፊልም አለን፦ በ1938 የወጣው «አንደር ዌስተርን ስታርስ»። ለኦትሪ ታስቦ የነበረ ነው፤ ኦትሪ ከኩባንያው ጋር ተጣልቶ ሥራ ሲያቆም ያኔ ማንም ብዙ ለማያውቀው ለሮጀርስ ተሰጠ። ታሪኩ ስለ ውሃ ነው። ድርቅና አቧራ ገበሬውን ሲያፈናቅል ውሃው በአንድ ኩባንያ እጅ ተይዟል፤ ካውቦያችን ኮንግረስ ተመርጦ ዋሽንግተን ይሄዳል፤ በግብዣ ላይ ለተሰበሰቡት ፖለቲከኞች አቧራ የዋጠውን አገር በፊልም እያሳየ ስለ አቧራ ይዘፍንላቸዋል። ዘፈኑ ለኦስካር ታጨ። ያ አቧራ በዚያው ዓመት በኦክላሆማና በካንሳስ ሰማይ ላይ የነበረ እውነተኛ አቧራ ነው። ዘፈኑን ከፊልሙ ብናወጣው ምን ይቀራል? ክርክሩ ራሱ እኮ ዘፈኑ ነው።

«እውነተኛ ካውቦይ አይዘፍንም» የሚለውማ ጭራሽ መሠረት የለውም። ጆን ሎማክስ የካውቦይ ዘፈኖችን ሰብስቦ መጽሐፍ ያሳተመው በ1910 ነው፤ ከብት ነጂዎቹ ሌሊት መንጋው እንዳይደነብር ያንጎራጉሩ እንደነበር ይነገራል። ከገጠር የመጣን ሁሉ የእረኛ እንጉርጉሮ ስለምናውቅ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ የፈረሰኛ ቀረርቶና ሽለላ የሰማ ጆሮስ «ተዋጊ እንዴት ይዘፍናል?» ብሎ ይጠይቃል? ከነጂዎቹ መካከል ብዙ ጥቁሮች እንደነበሩም የታወቀ ነው፤ ሆሊውድ ግን ነጭ አደረጋቸው። ይህን በጥቂቱም ቢሆን ያረሙት ከርካሾቹ ሁሉ የረከሱት ናቸው፦ ዘፋኙ ኸርብ ጄፍሪስ ከ1937 እስከ 1939 ለጥቁር ተመልካች የሠራቸው፣ «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ» እና «ዘ ብሮንዝ ባካሩ» የመሳሰሉት። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በዘር በተከፋፈለ ሲኒማ ቤት ውስጥ የራሱን መልክ በፈረስ ላይ ላላየ ልጅ፣ የመብራቱና የድምፁ ጉድለት የመጨረሻው ነገር ነበር።

ጉድለታቸውን አንሸፍንም። ሜክሲኮአዊውና ቀዩ ሕንዳዊ በአብዛኛው መሣቂያ ወይም ማስፈራሪያ ናቸው። መፍትሔያቸውም ልጅነት አለበት፤ ክፉው ባለባንክ ይታሰራል፣ ባንኩ ግን ባለበት ይቀራል፤ ደጉ ካውቦይ ይዘፍናል፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ይገባል። ሒስ ከሆነ እዚህ ላይ ይሁን እንጂ በጊታሩ ላይ ምን አደረሰን? በ1952 «ሃይ ኑን» ሲወጣ ከስዕሉ ጀርባ የሚሰማው ድምፅ የቴክስ ሪተር ነው፤ ያው ከ1936 ጀምሮ በርካሽ ፊልሞች ሲዘፍን የኖረው ሪተር። ዘፈኑ በተከታዩ ዓመት ኦስካር አገኘ። ዘፋኙ ሳይታይ ሲዘፍን ጥበብ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ሲዘፍን ቀልድ!

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው የፈረደው ባላየው ፊልም ላይ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሪፐብሊክ እነዚህን ፊልሞች ለቴሌቪዥን ሲሸጥ፣ ለማስታወቂያ ቦታ እንዲተርፍ ከ60 እና ከ70 ደቂቃ ወደ 54 ደቂቃ ገደማ ቆረጣቸው። ሮጀርስ በ1951 ኩባንያውን ከሰሰ፤ መጀመሪያ ተፈረደለት፣ በ1954 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። መቀሱ ዘፈኑንም ታሪኩንም አልማረም። «አንደር ዌስተርን ስታርስ» ተጠብቀው እንዲቆዩ በሚመረጡት ፊልሞች ብሔራዊ መዝገብ የገባው በ2009 ነው። እንግዲህ አንዱ ጓደኛችን «ታሪኩ አይያያዝም» ብሎ ሲያማ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛውን ቅጂ ነው ያየኸው?