የሚላክ ዕቃ መድን በኤፒአይ

በኢንተርኔት ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ ሰዎች «ሰርድ ፓርቲ ሺፒንግ ኢንሹራንስ» የሚል አገልግሎት ይቀርብላቸዋል። ቃል በቃል ሲመለስ «የሦስተኛ ወገን የጭነት መድን» ይሆናል። ይህ አቻ ግን አንባቢን ያሳስታል። እኛ ዘንድ «ሦስተኛ ወገን» ሲባል ወዲያው የሚታሰበው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለመኪናውን ሁሉ ያስገደደው ኢንሹራንስ ነው፤ በዚያ ሦስተኛ ወገን የሚባለው በመኪናው አደጋ የደረሰበት ሰው ነው። እዚህ ግን ሦስተኛው ወገን መድን ሰጪው ራሱ ነው፤ ሻጩም፣ ዕቃውን የሚያደርሰው ድርጅትም አይደለም። ስለዚህ «ከአጓጓዡ የተለየ የሚላክ ዕቃ መድን»፣ ባጭሩ «የሚላክ ዕቃ መድን» ማለቱን እመርጣለሁ። «የጭነት መድን» በመርከብና በከባድ መኪና ለሚጓዘው ዕቃ ይቆይ።

ከአጓጓዡ መለየቱ ለምን አስፈለገ? አሜሪካ ውስጥ ዩፒኤስና ፌዴክስ ላኪው የዕቃውን ዋጋ ካላስመዘገበ በስተቀር ኃላፊነታቸውን በ100 ዶላር ይገድባሉ። ከዚያ በላይ አስመዝግቦ ተጨማሪ መክፈል ይቻላል፤ ብዙ ሻጮች ይህን መድን ይመስላቸዋል፤ አይደለም። የሆነው ነገር ቢኖር የአጓጓዡ የኃላፊነት ጣሪያ ከፍ ማለቱ ነው። ጥቅሉ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር፣ ማሸጊያው ደካማ ነበር አልነበረም ብሎ የሚመረምረው ያው አጓጓዥ ነው። ሜሪላንድ ተቀምጣ የ300 ዶላር የሀበሻ ቀሚስ ወደ ሚኒሶታ የምትልክ ነጋዴ ምንም ሳታስመዘግብ ጥቅሉ ቢጠፋባት፣ ከአጓጓዡ የምታገኘው ቢበዛ 100 ዶላር ነው። ቀሪው ከኪሷ ይወጣል።

ሁለተኛው ቃል ኤፒአይ ነው። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ፕሮግራም አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሄደን በተመደበው መስኮት፣ በተወሰነው ቅጽ ጉዳያችንን እንደምናቀርበው ማለት ነው። «የፕሮግራሞች መገናኛ» ብንለው ትርጉሙን ይይዛል፤ ባለሙያው ሁሉ ኤፒአይ ስለሚል ግን እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

እንደ ሺፖና ኢዚፖስት ያሉ የመላኪያ አገልግሎቶች መድኑን በዚህ መንገድ ይሸጣሉ። ሱቁ ላኪውና ተቀባዩ ያሉበትን አድራሻ፣ የአጓጓዡን ስም፣ የመከታተያ ቁጥሩንና የዕቃውን ዋጋ ይልካል፤ የመድን ማረጋገጫ ይመለስለታል። ሰው ቅጽ አይሞላም፤ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ሽፋን ይኖረዋል። ፕሮግራመሩ ግን እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባል። ጥያቄው መድረሱ ብቻ ጥቅሉ መድን ገባ ማለት አይደለም፤ ኢዚፖስት ለምሳሌ ጉዳዩን በእንጥልጥል ይዞ ቆይቶ በኋላ ሊያጸድቀው ወይም ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሱቁ የመጨረሻውን ውሳኔ ተቀብሎ ከትእዛዙ ጋር መመዝገብ አለበት። መረቡ ተቋርጦ ጥያቄው ሲደገም አንዱን ጥቅል ሁለት ጊዜ መድን እንዳያስገባ፣ የትእዛዙን ቁጥር እያዩ መለየት ያስፈልጋል። ገዢው ትእዛዙን ከሰረዘ ሽፋኑም አብሮ መሰረዝ አለበት፤ አለበለዚያ ላልተላከ ዕቃ አረቦን ይከፈላል። የመድን አገልግሎቱ ለጊዜው ቢቋረጥ ደግሞ ሽያጩ መቆም የለበትም። የኤፒአይ ቁልፉም ሰርቨሩ ላይ እንጂ ገዢው በሚከፍተው ገጽ ውስጥ አይቀመጥም፤ እዚያ ያየው ሁሉ በሱቁ ስም መግዛት ይችላልና።

ከቴክኒኩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አረቦኑን ማን ይክፈል የሚለው ነው። ብዙ ሱቆች በክፍያ ገጹ ላይ ትንሽ ሣጥን አስቀምጠው፣ ቀድመው ምልክት አድርገውባት፣ ሂሳቡን ለገዢው ያስተላልፋሉ። በአውሮፓ ኅብረት ይህ ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያ ለተጨማሪ ክፍያ ገዢው ራሱ በግልጽ መስማማት አለበት ይላል። ያው መመሪያ፣ ገዢው ራሱ አጓጓዥ ካልቀጠረ በስተቀር፣ ዕቃው እጁ እስኪገባ ድረስ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ዕዳው የሻጩ ነው ብሎ ደንግጓል። በአሜሪካም በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ዕቃው ካልደረሰው ክፍያውን መቃወም እንዲችል እ.ኤ.አ. የ1974 ሕግ መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ገዢው «ለዕቃዎ ደኅንነት» ተብሎ የሚከፍለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የሻጩን ኪሳራ ነው። ይህን ለገዢው አለመንገር ማታለል ነው።

ስለዚህ ኤፒአዩን የሚያገናኝ ሱቅ መድን ገቢው ሻጩ እንዲሆን፣ አረቦኑም ከሻጩ ሂሳብ እንዲወጣ አድርጎ ቢጀምር ይሻላል። ለገዢው የሚቀርብ ምርጫ ካለ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ይቅረብ፤ አጠገቡም ገዢው ባይከፍል እንኳ ያለውን መብት፣ ቢከፍል ደግሞ የሚጨመርለትን በአንድ አረፍተ ነገር ይጻፍለት። የሚጨመርለት ነገር ከሌለ ሣጥኑ ከነጭራሹ ይነሣ።